ሆርሞንና ተቀባዩ፦ የኤልዉድ ጄንሰን ምርምርና ያስከተለው ለውጥ

የሕክምና ታሪክ አብዛኛውን ጊዜ የሚጻፈው በመድኃኒቶችና በፈውሶች ስም ነው። አንድ ጥያቄ በትክክል በመጠየቁ ምክንያት ስንት ሕመምተኞች ከከንቱ ቀዶ ሕክምና እንደዳኑ የሚመዘግብ ግን ጥቂት ነው። በዚህ ጽሑፍ ለማቅረብ የምንሞክረው ታሪክ ከዚህ ወገን ነው። አሜሪካዊው የኬሚስትሪ ሊቅ ኤልዉድ ጄንሰን፣ የአይጥ ማሕፀን ኤስትሮጅን የተባለውን የሴት ሆርሞን እንዴት እንደሚቀበል ለማወቅ ያካሄዱት ምርምር ስለ መራባት ሥነ ሕይወት የነበረውን አስተሳሰብ ለውጧል። ከዚያም አልፎ፣ የጡት ካንሰር ለያዛት ሴት የትኛው ሕክምና እንደሚጠቅማት አስቀድሞ ለመገመት የሚያስችል መለኪያ አስገኝቷል። የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

፩. ከጄንሰን በፊት የነበረው ዕውቀት

«ሆርሞን» የሚለውን ስያሜ በ1905 ያስተዋወቁት እንግሊዛዊው የፊዚዮሎጂ ሊቅ ኧርነስት ስታርሊንግ ናቸው። ቃሉ የተወሰደው «ማነሣሣት» የሚል ትርጉም ካለው የግሪክ ግሥ ነው። በ1923 ኤድጋር አለንና ኤድዋርድ ዶይዚ የተባሉ አሜሪካውያን ከአሳማ የእንቁላል እጢ በወሰዱት ፈሳሽ ውስጥ የሴቴን እንስሳ የመራቢያ አካል የሚያነሣሣ ንጥረ ነገር መኖሩን አሳዩ። በ1929 ደግሞ ዶይዚ በአሜሪካ፣ አዶልፍ ቡተናንት በጀርመን፣ አንዱ ከሌላው ሳይመክሩ ኤስትሮን የተባለውን ሆርሞን አጥርተው አወጡ።

ሐኪሞች ግን ስሙ ሳይታወቅ በፊት የዚህን ንጥረ ነገር ኃይል ተረድተውት ነበር። የግላስጎው ሐኪም ጆርጅ ቢትሰን በ1896 ባሳተሙት ጽሑፍ የሴቲቱ የእንቁላል እጢዎች በቀዶ ሕክምና ሲወጡ የተስፋፋ የጡት ካንሰር ሊያፈገፍግ እንደሚችል ገለጡ። በ1950ዎቹ መጀመሪያ የቺካጎው ቻርልስ ሀጊንስ ከኩላሊት በላይ ያሉትን አድሬናል እጢዎች ጭምር ማውጣት ጀመሩ። በእነዚህ ሕክምናዎች የተጠቀመችው ግን ከሦስት ሴቶች አንዷ ገደማ ብቻ ነበረች። የቀሩት ሁለቱ የቀዶውን ሥቃይና የእጢዎቻቸውን ማጣት በከንቱ ተሸከሙ። ማን እንደምትጠቀም አስቀድሞ ለማወቅ የሚያስችል መንገድም አልነበረም።

፪. ጥያቄውን መገልበጥ

ጄንሰን በ1920 በኖርዝ ዳኮታ ክፍለ ግዛት፣ በፋርጎ ከተማ ተወለዱ። በ1944 ከቺካጎ ዩኒቨርሲቲ በኬሚስትሪ የዶክትሬት ዲግሪ ተቀበሉ፤ ከዚያም በስዊዘርላንድ ዙሪክ ስለ ስቴሮይዶች ኬሚስትሪ ተማሩ። እዚያ ሳሉ በ1947 ማተርሆርን የተባለውን 4,478 ሜትር ከፍታ ያለውን ተራራ ወጡ። ለምርምራቸው ስልት ምሳሌ አድርገው ደጋግመው ያነሡት የነበረው ይህንኑ ተራራ ነው። ኤድዋርድ ዊምፐር የተባለው እንግሊዛዊ ቀላል መስሎ በሚታየው በኢጣልያ በኩል ደጋግሞ ሞክሮ አልሆንለት ሲል፣ በ1865 አስፈሪ መስሎ በሚታየው በስዊዘርላንድ በኩል ዞሮ ጫፉ ላይ ደረሰ።

በ1950ዎቹ ሊቃውንቱ ሁሉ ይወጡበት የነበረው ወገን የኤንዛይሞች ነበር። ኤስትሮጅን በሕዋስ ውስጥ በሚካሄዱ ኬሚካዊ ለውጦች ራሱ እየተለወጠና እየተመለሰ ይሠራል የሚለው አስተሳሰብ ገኖ ነበር። ጥያቄውም «ሆርሞኑ ሕብረ ሕዋሱን ምን ያደርገዋል?» የሚል ነበር። ከሀጊንስ ጋር በቺካጎው የቤን ሜይ ቤተ ሙከራ ይሠሩ የነበሩት ጄንሰን ይህን ገልብጠው «ሕብረ ሕዋሱስ ሆርሞኑን ምን ያደርገዋል?» ሲሉ ጠየቁ።

ጥያቄው ቀላል ቢመስልም ለመልሱ የሚሆን መሣሪያ አልነበረም። ላልደረሰች አይጥ ማሕፀን ማደጊያ የሚበቃው የሆርሞን መጠን ከአንድ ግራም ሚሊዮንኛ እጅ ያነሰ በመሆኑ በዘመኑ በነበሩት የመለኪያ ዘዴዎች ሊከተሉት አይቻልም። ስለዚህ ጄንሰንና የሥራ ባልደረባቸው ኸርበርት ጃኮብሰን ከፍተኛ ጨረር የሚሰጥ ትሪቲየም የተጣመረበት ኤስትራዲዮል አዘጋጁ። ጨረሩን በመለካትም ሆርሞኑ በየአካላቱ የሚያደርገውን ጉዞ ተከታተሉ። ከጉበትና ከደም ሆርሞኑ ፈጥኖ ሲወጣ፣ ማሕፀንና የብልት ቱቦ ግን ለብዙ ሰዓታት ይዘው አቆዩት። ከሁሉ ይበልጥ የሚያስደንቀው ማሕፀን የያዘው ኤስትራዲዮል ምንም ኬሚካዊ ለውጥ ሳይደርስበት መገኘቱ ነበር። ሆርሞኑ ሳይለወጥ የሚሠራ ከሆነ፣ በማሕፀን ሕዋሳት ውስጥ የሚጨብጠው ልዩ ተቀባይ አለ ማለት ነው።

ይህን ውጤት ጄንሰን በ1958 በቪየና በተደረገው ዓለም አቀፍ የባዮኬሚስትሪ ጉባኤ አቀረቡ። ኋላ ራሳቸው ሲያወሱት፣ በአዳራሹ የተገኙት አምስት ሰዎች ብቻ ነበሩ፤ ከአምስቱም ሦስቱ ተራቸውን የሚጠብቁ ተናጋሪዎች ነበሩ። በዚያው ሰዓት ብዙ ሕዝብ የሞላው ስለ ኤንዛይሞቹ የሚነገርበት ሌላው አዳራሽ ነበር።

፫. ከተቀባዩ እስከ ዘረ መሉ

በ1966 የኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲዎቹ ዴቪድ ቶፍትና ጃክ ጎርስኪ ተቀባዩን ከአይጥ ማሕፀን ለይተው ፕሮቲን መሆኑን አሳዩ። በ1968 የቀረበው ማብራሪያ፣ ተቀባዩ ሆርሞኑን ከሕዋሱ አስኳል ውጭ ተቀብሎ ወደ አስኳሉ ይዞት ይገባል የሚል ነበር። በ1984 ግን ተቀባዩ ሆርሞን ሳይኖርም አስኳሉ ውስጥ እንደሚገኝ ታወቀ። ይህን እርማት ያቀረቡት የጎርስኪ ቤተ ሙከራና የጄንሰን የቀድሞ ተባባሪ ጄፍሪ ግሪን መሆናቸው ልብ ሊባል ይገባል። ጽንሰ ሐሳቡን ካቆሙት ሰዎች ወገን የተነሡ እጆች ናቸው ያረሙት። የዕውቀት ማኅበር ጤንነት ከሚታወቅባቸው ምልክቶች አንዱ ይህ ይመስለናል።

በ1986 የስትራስቡርጉ ፒየር ሻምቦንና ግሪን፣ በየቤተ ሙከራቸው፣ የተቀባዩን ዘረ መል አነበቡ። ተቀባዩ የዘረ መሎችን ሥራ የሚከፍትና የሚዘጋ የአንድ ትልቅ የፕሮቲን ቤተሰብ አባል ሆኖ ተገኘ። በሰው ውስጥ ይህ ቤተሰብ 48 አባላት አሉት።

በመራባት ሥነ ሕይወት በኩል የተገኘው ትምህርት ደግሞ ያልተጠበቀ ነበር። በ1993 ዘረ መሉ የጎደላቸው አይጦች ሲፈጠሩ ሴቶቹ መካን ሆኑ፤ የወንዶቹም የመራባት ችሎታ እጅግ ቀነሰ። በ1994 ተቀባዩ የማይሠራለት የ28 ዓመት ወንድ ታሪክ ታተመ። ቁመቱ 204 ሴንቲ ሜትር ነበር፤ የአጥንቶቹ ማደጊያ ጫፎች ስላልተዘጉም ገና በማደግ ላይ ነበር። «የሴት ሆርሞን» የተባለው ለወንድም የግድ አስፈላጊ መሆኑ በዚህ ተረጋገጠ። በ1996 የስዊድኑ ያን ኦኬ ጉስታፍሰንና ባልደረቦቻቸው ሁለተኛ የኤስትሮጅን ተቀባይ ማግኘታቸውን አስታወቁ፤ የተገኘውም ከወንድ አይጥ ፕሮስቴት ነበር።

፬. ከአይጥ ማሕፀን እስከ ሕመምተኛዋ

ማሕፀን ሆርሞን የሚቀበለው ተቀባይ ስላለው ከሆነ፣ ለሆርሞን ሕክምና የሚታዘዘው የጡት ዕጢም ተቀባዩን መያዝ አለበት። ጄንሰንና ባልደረቦቻቸው ይህን ሐሳብ በሕመምተኞች ዕጢዎች ላይ ፈትነው በ1971 ውጤቱን አሳተሙ፦ ዕጢያቸው ተቀባይ የሌለው ሴቶች ከእጢ ማውጣት ቀዶ የሚጠቀሙት ከስንት አንዴ ነው። በ1980 ከግሪን ጋር ያዘጋጇቸው የተቀባዩ አንቲቦዲዎች ምርመራውን በተራ የሆስፒታል ቤተ ሙከራ ሊሠራ የሚችል አደረጉት።

በዚያው ጊዜ ታሞክሲፌን የተባለው መድኃኒት ቦታውን ያዘ። በ1962 በእንግሊዝ አገር የተሠራው የእርግዝና መከላከያ እንዲሆን ታስቦ ነበር፤ ሴት አይጦችን ከማርገዝ ቢከለክልም በሴቶች ላይ ግን እንቁላል እንዲወጣ የሚያደርግ ሆኖ ስለተገኘ ለታሰበለት ዓላማ አልዋለም። ተቀባዩን በጡት ዕጢ ውስጥ ስለሚዘጋ ግን በ1977 በአሜሪካ ለተስፋፋ የጡት ካንሰር ሕክምና ተፈቀደ። ጄንሰን በ2004 ከሻምቦንና ከሮናልድ ኤቫንስ ጋር የላስከር ሽልማት ተቀበሉ፤ በ2012 በ92 ዓመታቸው ዐረፉ።

ጉዳዩ ወገኖቻችንንም በቀጥታ የሚነካ ነው። ከሌሎች የአፍሪቃ አገሮች በወጡ ዘገባዎች ምክንያት የአፍሪቃ ሴቶች ዕጢ በአብዛኛው ተቀባይ የለውም የሚል ግምት ተስፋፍቶ ነበር። በ2014 የታተመ፣ በአዲስ አበባ በታከሙ ሕሙማን ላይ የተደረገ ጥናት ግን ከዕጢዎቹ 65 በመቶው ያህል ተቀባዩን የያዙ መሆናቸውን አሳየ። ስለዚህ ርካሽ በሆነው የታሞክሲፌን ኪኒን ሊረዱ የሚችሉት ሴቶች ከግምቱ እጅግ ይበዛሉ ማለት ነው። ምርመራው ካልተደረገ ግን ሐኪሙ ያለው ምርጫ ሁለት ብቻ ነው፦ የሚጠቅማትን መድኃኒት መንፈግ፣ ወይም የማይጠቅማትን መስጠት። ይህ ከ1950ዎቹ ሐኪሞች ሁኔታ የተለየ አይደለም።

ስለዚህ ለአገራችን ሕክምና እርዳታ ሲታሰብ መድኃኒት ብቻ ሳይሆን የዕጢውን ናሙና በሚገባ ጠብቆ የሚመረምር ቤተ ሙከራና የሠለጠነ ባለሙያም አብሮ መታሰብ ይኖርበታል እንላለን። አምስት ሰዎች ብቻ ያዳመጡት ንግግር ፍሬው እስከዚህ ደርሷል። የቀረው ፍሬውን ለእያንዳንዷ ሕመምተኛ ማድረስ ነው።