የላይደን ልጆች

(የመግቢያ ሙዚቃ፤ ቀስ እያለ ይወርዳል)



ኖቬምበር ሲገባ እዚህ አሜሪካ ያላችሁ ወላጆች ታውቁታላችሁ፤ ልጆች ከትምህርት ቤት የወረቀት ባርኔጣ ደፍተው ይመጣሉ። ጥቁር ባርኔጣ፣ ፊት ለፊቱ ላይ ቢጫ ዘለበት። ታሪኩንም አብረው ይዘውት ይመጣሉ። ፒልግሪም የሚባሉ እንግሊዞች በሃይማኖታቸው ተሰደዱ፣ በሜይፍላወር መርከብ መጡ፣ አንድ ድንጋይ ላይ ወረዱ፣ ከአገሬው ሰው ጋር ተርኪ በሉ። አለቀ።

ባርኔጣውን ቶሎ ላንሳላችሁ። እሱ የኋላ ዘመን ሠዓሊዎች ያለበሷቸው ነው። ዛሬ ብዙ የማወራላችሁ ዊሊያም ብሩስተር የሚባል ሰው በ1644 ሲሞት በንብረት ዝርዝሩ ውስጥ የተገኘው ሐምራዊ ኮት ነው። ሐምራዊ! ድንጋዩም ቢሆን ስሙ የተነሣው በ1741፣ ከ120 ዓመት በኋላ ነው፤ ዘጠና ዓመት ያለፋቸው አንድ ሽማግሌ «አባቴ ነግሮኝ ነበር» ስላሉ። ተርኪውን ለዛሬ ልተውላችሁ፤ በዓላችሁን ላበላሽ አልመጣሁም።

እኔ የያዝኩት ሌላውን ነው። «በሃይማኖት ምክንያት ከእንግሊዝ ሸሽተው አሜሪካ ገቡ» የምትለዋን ዐረፍተ ነገር። ይህችን ያልሰማ የለም። ግን አንድ ነገር ጎድሏታል። አሥራ ሁለት ዓመት።

(ትንሽ ዝምታ)

አሥራ ሁለት ዓመት ጎድሏታል። ሰዎቹ ከእንግሊዝ የወጡት በ1608 ነው። ሜይፍላወር የተነሣችው በ1620 ነው። በመካከሉ የት ነበሩ? ሆላንድ ነበሩ። ሆላንድ ውስጥ ደግሞ እንዳሻቸው ይጸልዩ ነበር፤ በእምነታቸው ምክንያት የሚያስራቸው ሰው አልነበረም። ልድገመው። የሃይማኖት ነፃነቱን አግኝተውት ነበር። አግኝተውት ሲያበቁ ነው ጥለውት የሄዱት።

የእንግሊዙን ነገር በአንድ ትንፋሽ ልጨርሰው፦ ንጉሥ ጄምስ፣ አንድ የመንግሥት ቤተ ክርስቲያን፣ ከእሷ ተለይተን በራሳችን እንሰበሰባለን ያሉ የገጠር ሰዎች፣ ቅጣት፣ እስር። በቃ። አንዷን ግን ሳልነግራችሁ አላልፍም። በ1608 የሆላንድ መርከብ ተከራይተው በድብቅ ሊወጡ ቀጠሮ ያዙ። ሴቶቹና ሕፃናቱ በትንሽ ጀልባ ቀድመው ደረሱ፤ ባሕሩ ሲሸሽ ጀልባዋ ጭቃ ላይ ቀረች። ወንዶቹ መሳፈር እንደጀመሩ የታጠቀ ሰው መጣ። ካፒቴኑ መልሕቁን ነቅሎ እብስ! ባሎች መርከብ ላይ፣ ሚስቶች ጭቃ ላይ። ወንዶቹ እያለቀሱ በማዕበል እስከ ኖርዌይ ጠረፍ ተገፍተው ሆላንድ ገቡ። ሴቶቹንም ዳኞቹ እየተቀባበሉ ካንገላቷቸው በኋላ የሚያደርጓቸው ቢያጡ ለቀቋቸው። ቤተሰቡ ቆይቶ ተገናኘ።

እንግዲህ ላይደን፣ የሆላንዷ ከተማ። በ1609 መቶ ያህል ሰዎች ሆነው ወደ ከተማዋ ሹማምንት የመኖሪያ ማመልከቻ አስገቡ። መልሱ እንዴት ደስ እንደሚል! ከተማችን ሐቀኛ ሰው እንዳይገባ አትከለክልም፤ ሕጉን ይጠብቁ እንጂ ይምጡ። ፎርም የለ፣ አሻራ የለ፣ ቀጠሮ የለ። (ሳቅ) ይቅርታ፤ ይህን ስናገር ቅናት ይዞኝ ነው።

ግን ላይደን የጨርቅ ከተማ ናት። እንጀራው ያለው በሽመና ነው። ከገበሬ ቤት የተወለደው ዊሊያም ብራድፎርድ ሸማኔ ሆነ። በአገሩ የፖስታ ሹም የነበረው፣ ካምብሪጅ የተማረው ብሩስተርም በመጀመሪያ ከሰው በታች ሆነ፤ ቆይቶ ነው ለዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች እንግሊዝኛ በማስተማር ቀና ያለው። አድማጮቼ፣ አገር ቤት መምህር የነበረ፣ እዚህ ታክሲ የነዳ ሰው ካለ ይህ አይገርመውም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር መጣሁ። ለምን ሄዱ? ብራድፎርድ የኋላ ኋላ የቅኝ ግዛቱ ገዥ ሆኖ ታሪካቸውን ሲጽፍ ምክንያቶቹን ቆጥሮ አስቀምጧል። ኑሮው ከባድ ነው ይላል፤ እንግሊዝ ያሉት ወገኖቻችን መከራችንን እያዩ መምጣቱን ይፈሩታል። ሽማግሌዎቻችን እየደከሙ ነው ይላል። ወንጌልን ሩቅ አገር የማድረስ ተስፋም አለን ይላል፤ እሷን ያመጣት መጨረሻ ላይ ነው፤ ልብ በሉ፣ መጨረሻ ላይ። እኔ ግን አንብቤ የማላልፈው ልጆቹን ያነሣበትን ነው።

ልጆቹ ይሠሩ ነበር። ችግሩ ስለጸና ወላጆች ልጆቻቸውን ከጎናቸው አሰልፈው ነበር። ብራድፎርድ ምን ይላል መሰላችሁ? ጥሩዎቹ ልጆች፣ ታዛዦቹ፣ የወላጆቻቸውን ሸክም ልካፈል ያሉት፣ እነሱ ናቸው የጎበጡት። ገና በለጋነታቸው አረጁ። ሌሎቹ ደግሞ ከተማው ስቧቸው አንዱ ወታደር ሆኖ፣ አንዱ መርከበኛ ሆኖ፣ ሌላውም የባሰ መንገድ ይዞ ወጣ። እንግዲህ አስቡት፤ እሺ ያለው ልጅ ጎበጠ፣ እምቢ ያለው ልጅ ጠፋ። ለወላጅ ከዚህ የሚከፋ ሒሳብ አለ?

ሌላው የላይደን ሰው ኤድዋርድ ዊንስሎው ደግሞ በ1646 ባሳተመው ጽሑፍ አንድ ምክንያት ይጨምራል፦ ቋንቋችን ሊጠፋ ነው፤ እንግሊዝ የሚለው ስማችን ሊጠፋ ነው፤ ልጆቻችንንም እኛ እንደተማርነው ማስተማር አልቻልንም። እንግሊዞች ናቸው ይህን የሚሉት! ልጆቻችን እንግሊዝኛ ሊረሱ ነው ብለው የተጨነቁ እንግሊዞች። ቅዳሜ ጠዋት እያለቀሰ አማርኛ ትምህርት ቤት የሚነዳ ልጅ ያላችሁ ወላጆች ይህን ለልጃችሁ ንገሩት። ይረዳችሁ እንደሆነ አላውቅም፤ ግን ንገሩት።

በላዩ ላይ ሆላንድና ስፔን የተፈራረሙት የ12 ዓመት የተኩስ አቁም በ1621 ሊያልቅ ነበር። ጦርነቱ ሊመለስ ነው። ብሩስተርም ብቻውን ሌላ ጣጣ ነበረበት፦ በድብቅ ያሳተመው መጽሐፍ ንጉሡን ስላስቆጣ ከ1619 ጀምሮ እየተፈለገ ተደብቆ ነበር። እሺ፣ ይህኛው የሃይማኖት ጉዳይ ነው፤ አልክድም። የአንድ ሰው ጉዳይ ግን ነው።

ሁሉም እሺ ብሎ የተነሣ እንዳይመስላችሁ። ክርክሩ ጦፏል። ባሕሩን የፈራ ነበር፣ ረሃቡን የፈራ ነበር፣ የአገሬውን ሰው የፈራ ነበር። ከፍርሃቶቹ ውስጥ እኔን የምታስቀኝ አንዷ ናት፦ እዚያ ውሃ እንጠጣለን፣ ውሃው ያሳምመናል። ቢራ የለመደ ሕዝብ ነዋ! ይህችን ውሃ ያዙልኝ፤ እመለስባታለሁ።

በመጨረሻ የሄዱት ጥቂቶቹ ናቸው። ፓስተራቸው ጆን ሮቢንሰን ከሚቀረው ብዙ ሰው ጋር ቀረ። ተከትሎ ሊሄድ አስቦ በ1625 እዚያው ላይደን ሞተ። ሜይፍላወር ላይ ከነበሩት 102 መንገደኞች የላይደኖቹ ግማሽ ያህሉ ብቻ ናቸው፤ ሌሎቹ ከእንግሊዝ የተጨመሩ ናቸው፤ ብዙዎቹም ለኑሮ የወጡ።

ቤተሰቡስ? ቤተሰቡ ተከፈለ። የብሩስተርን ቤት እንዲህ በዝግታ ልንገራችሁ። አምስት ልጆች ነበሩት። ትልቁ ጆናታን ነው። የሌሎቹን ስም ብትሰሙ የጎረቤት ልጆች ይመስሏችኋል። አንዷ ፔሽንስ፣ ትዕግሥት ማለት ነው። አንዱ ላቭ፣ ፍቅር። አንዱ ሬስሊንግ፣ ታገል! ታገል ብሩስተር! አንዷን ግን ፊር ብለው ሰየሟት፤ ፍርሃት። ፈሪሃ እግዚአብሔር ለማለት ነው፤ ቢሆንም ልጅቷ ታሳዝነኛለች።

አባትና እናት ፍቅርንና ታገልን ይዘው ተሳፈሩ። ትዕግሥትና ፍርሃት ቀሩ። ጆናታንም ቀረ። ብራድፎርድና ሚስቱ ዶሮቲ ደግሞ የነበራቸው አንድ ልጅ ነው፤ ሦስት ዓመት ገደማ የሚሆነው ጆን። እሱንም ትተውት ሄዱ። ማን ይቅደም፣ ማን ይቆይ፣ ማንን ከማን ጋር እንተወው... ይህን ያህል ብቻ ልበል።

(ዝምታ)

ሰዓቴን በልቼዋለሁ፤ ስለዚህ ጉዞው በአንድ ዐረፍተ ነገር፦ አብራ የተነሣችው ሁለተኛዋ መርከብ አፈሰሰች፣ ሜይፍላወር በሴፕቴምበር ብቻዋን ተነሣች፣ 66 ቀን ያህል ሄዳ አሜሪካ ጠረፍ፣ ኬፕ ኮድ ደረሰች፣ በመጀመሪያው ክረምት ከመንገደኞቹ ግማሽ ያህሉ ሞቱ። የሰፈሩበትም ቦታ ባዶ አገር አልነበረም፤ ፓቱክሴት የሚባል የዋምፓኖአግ ሕዝብ መንደር ነበር፤ ሰዎቹ ጥቂት ዓመት ቀደም ብሎ በወረርሽኝ አልቀውበት ነው። እሱ የራሱ ፕሮግራም ይገባዋል፤ አደርገዋለሁ።

ዶሮቲ ያንን ምድር አልኖረችበትም። መርከቧ እንደቆመች፣ ዲሴምበር 1620፣ ባሏ መስፈሪያ ፍለጋ ሄዶ ሳለ ባሕር ውስጥ ወድቃ ሰጠመች። «ራሷን ገደለች» ሲባል ሰምታችሁ ይሆናል። ይህ ወሬ በ1869 መጽሔት ላይ የወጣ ልብ ወለድ ነው። ከ249 ዓመት በኋላ! ልጇ ጆን ከዓመታት በኋላ መጣ፤ እናቱ የለችም፣ አባቱ ሌላ አግብቷል።

የብሩስተር ልጆችስ? ጆናታን በ1621 መጣ። ትዕግሥትና ፍርሃት በ1623 ከሌሎች ቤተሰቦች ጋር አን በምትባል መርከብ ደረሱ። ብራድፎርድ ያን ቀን ጽፎታል። ከመርከቡ የወረዱት አዲሶቹ የዘመዶቻቸውን ጉስቁልና፣ የለበሱትን ቡትቶ ሲያዩ አለቀሱ፤ መመለስ የተመኘም ነበር። ቤት ያሉት ደግሞ ለእንግዶቻቸው የሚያቀርቡት ቢያጡ አፈሩ። ከሁሉ የተሻለው መስተንግዶ፣ ይላል ብራድፎርድ፣ ሎብስተር ወይም አንድ ቁራሽ ዓሣ ነበር። ዛሬ በስንት ዶላር የሚበላው ሎብስተር! ያለ ዳቦ። ከሱም ጋር አንድ ኩባያ የምንጭ ውሃ።

(ሙዚቃ)