አዲሱን የኮምፒዩተር ሥርዓት እንቀበል ወይስ እንቆይ? ካለፈው ታሪክ የምንማረው

ለዚህ ለትምህርት ቤታችን የበዓል መጽሔት የሚሆን ጽሑፍ ስንሰበስብ፤ ከእኛ በፊት የነበሩት ተማሪዎች የጻፉትን ለማንበብ ፈልገን በኮምፒዩተሩ ክፍል የተቀመጡትን የቆዩ ጽሑፎች ከፈትናቸው። ዳሩ ግን በገጹ ላይ የታየን የላቲን ፊደልና ትርጉም የሌለው ምልክት የተቀላቀለበት ነገር እንጂ አማርኛ አልነበረም። ጽሑፉ አለ፤ የሚያነበው ግን ጠፋ። በዚያው ሰሞን መምህራችን፤ «እነዚህን ኮምፒዩተሮች ወደ አዲሱ ዊንዶውስ እናሸጋግራቸው ወይስ ባሉበት እንተዋቸው?» ሲሉ ጠየቁን። ከፊላችን «አዲስ ነገር መልካም ነው» አልን፤ ከፊላችን ደግሞ «የሚሠራን ነገር ለምን እንነካለን?» አልን። ስለዚህ ክርክሩን በስሜት ከመቋጨት ታሪኩን መመርመር ይሻላል ብለን ይህን አጭር ጽሑፍ አዘጋጀን።

ሥርዓተ ክወና ወይም ኦፐሬቲንግ ሲስተም የሚባለው የኮምፒዩተሩን ክፍሎች ሁሉ የሚያዝና ሌሎቹን ፕሮግራሞች የሚያስተናግድ ዋና ፕሮግራም ነው። በየዓመቱ ጥር 23 ቀን የፈረስ ማኅበሩን በዓል ለምናይ ለእንጅባራ ልጆች፤ ፈረስና ፈረሰኛ ካልተስማሙ ሩጫ እንደሌለ መንገር አያሻም። ኮምፒዩተሩ ፈረስ ቢሆን ሥርዓቱ ፈረሰኛው ነው።

የመሣሪያ ለውጥ ጥያቄ ለአገራችን አዲስ አይደለም። በአያቶቻችን ዘመን የጽሕፈት መኪና ሲመጣ፤ የመኪናው መምቻ ከሃምሳ የማይበልጥ ሲሆን የእኛ ፊደል ግን 33ቱ በሰባት ሰባት ተባዝቶ 231 ይሆናል። ኢንጂነር አያና ብሩ የአማርኛውን የጽሕፈት መኪና ለመሥራት የደከሙት ይህን ችግር ለማሸነፍ ነበር። የፊደሉን አካልና ቅጥያ በማገጣጠም ጥቂቱ መምቻ ብዙውን ፊደል እንዲጽፍ ሆነ። ሥራው ታላቅ ነበር፤ ነገር ግን የፊደሉ መልክ በብራና ላይ እንደምናየው አላማረም። መሣሪያው ለፊደሉ መገዛት ሲገባው ፊደሉ ለመሣሪያው ተገዛ ማለት ነው።

ኮምፒዩተር በመጣ ጊዜም የያኔው ሥርዓት የግዕዝን ፊደል አያውቅም ነበር። ስለዚህ ከ1970ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ኢትዮጵያውያን ባለሙያዎች በየግላቸው መላ ፈጠሩ። ይኸውም ለላቲን ፊደል በተመደበው ቁጥር ላይ የግዕዝን ፊደል መልክ ማስቀመጥ ነው። በዚህ መላ ቢሮዎችና ማተሚያ ቤቶች በአማርኛ ለመጻፍ በቁ። ሆኖም እያንዳንዱ ሠሪ የራሱን አመዳደብ ስለተከተለ በአንዱ የተጻፈው በሌላው አይነበብም፤ የፊደሉ ቅርጽ ባልተጫነበት ኮምፒዩተርም ጽሑፉ እንቆቅልሽ ይሆናል። የቀደምት ተማሪዎቻችን ጽሑፍ የደረሰበት ይኸው ነው።

መፍትሔው የመጣው ለዓለም ፊደላት ሁሉ ቋሚ ቁጥር በሚሰጠው ዩኒኮድ በተባለው ደንብ ነው። እንደ ፍስሐ አጥላውና ዳንኤል ያዕቆብ ያሉ ባለሙያዎች ደክመውበት፤ በ1992 ዓ.ም. መግቢያ በወጣው ሦስተኛው እትም 345 የግዕዝ ፊደላትና ምልክቶች ገቡ። ደንብ መውጣቱ ብቻ ግን አይበቃም፤ ሥርዓቱ ሊቀበለው ይገባል። በጥቅምት 1994 ዓ.ም. የወጣው ዊንዶውስ ኤክስ ፒ የግዕዝ ፊደል ቅርጽ ይዞ አልመጣም። ጥር 22 ቀን 1999 ዓ.ም. ለሕዝብ የቀረበው ዊንዶውስ ቪስታ ግን «ኒያላ» የተባለውን ቅርጽና የአማርኛ መጻፊያ ይዞ መጣ።

ይህ ለእኛ ለአዊ ልጆች የተለየ ትርጉም አለው። ቋንቋችን በራሱ ስም ሲጻፍ «አውጚ» ነው። መጨረሻ ላይ ያለው ፊደል በአፍንጫ የሚነገር ድምፅ ያመለክታል፤ በአማርኛው ገበታ አይገኝም፤ በዩኒኮድ ግን ከ«ጘ» እስከ «ጞ» የራሱ ቦታ አለው። ስለዚህ ለአማርኛ ብቻ የተሠራ መጻፊያ የቋንቋችንን ስም እንኳ አሟልቶ አይጽፍም። ታናናሾቻችን በመጀመሪያ ደረጃ በዚህ ቋንቋ ስለሚማሩ ነገሩ ቀላል አይደለም።

ሁለተኛው የታሪክ ትምህርት ስለ ጥበቃ ነው። ማይክሮሶፍት ለኤክስ ፒ ይሰጥ የነበረውን ድጋፍ መጋቢት 30 ቀን 2006 ዓ.ም. አቆመ። ድጋፍ ቆመ ማለት ኮምፒዩተሩ ሥራ አቆመ ማለት ሳይሆን፤ በሥርዓቱ ላይ ቀዳዳ ሲገኝ የሚደፍነው የለም ማለት ነው። ግንቦት 4 ቀን 2009 ዓ.ም. «ዋናክራይ» የተባለ ቫይረስ ተነሥቶ በ150 ያህል አገሮች ጽሑፎችን እየቆለፈ ገንዘብ ጠየቀ፤ በእንግሊዝ አገር ሆስፒታሎች በሽተኞችን እስከ መመለስ ደረሱ። ቀዳዳውን የሚደፍነው ማሻሻያ ግን ከሁለት ወር በፊት ወጥቶ ነበር። የተጎዱት ሳይቀበሉት የቆዩት ናቸው። «ሳይርቅ በቅርቡ፤ ሳይደርቅ በእርጥቡ» የሚባለው ለዚህ ነው።

አሁን ወደ ራሳችን ጥያቄ እንመለስ። በሐምሌ 2007 ዓ.ም. የወጣው የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አበቃ። በመስከረም 2014 ዓ.ም. የወጣው ዊንዶውስ 11 ደግሞ ቢያንስ 4 ጊጋባይት ሚሞሪ፤ 64 ጊጋባይት ማከማቻና ቲፒኤም 2.0 የተባለ የምስጢር መጠበቂያ ይፈልጋል። ኢንቴል ከሠራቸው ፕሮሰሰሮችም ከስምንተኛው ትውልድ በፊት ያሉትን አብዛኞቹን አይቀበልም። ከክፍላችን ኮምፒዩተሮች ብዙዎቹ ይህን አያሟሉም። ሁሉንም ጥሎ አዲስ መግዛት ደግሞ የወላጆቻችንን ኪስ የሚነካ ነው።

ሦስተኛ መንገድም አለ። ሊነስ ቶርቫልድስ የተባለ የፊንላንድ ተማሪ በ21 ዓመቱ፤ በነሐሴ 1983 ዓ.ም. ሥራውን ያስታወቀለት ሊነክስ ማንም በነፃ ሊጭነውና ሊያሻሽለው የሚችል ነው። በጥቅምት 1997 ዓ.ም. የወጣው ኡቡንቱ ከእርሱ የተገኘ ሲሆን፤ ስሙም በደቡብ አፍሪካ ቋንቋዎች ሰብአዊነትን ያመለክታል። ከዚህም ወገን ለደካማ ኮምፒዩተር የሚስማሙ ቀለል ያሉ ዓይነቶች ይገኛሉ። ይሁንና ለዊንዶውስ የተሠሩ ፕሮግራሞች ሁሉ በእርሱ ላይ ስለማይሠሩ አዲስ ልምምድ ይጠይቃል።

ተነጋግረን የደረስንበት ይህ ነው። አንደኛ፤ ማናቸውንም ነገር ከመለወጣችን በፊት ጽሑፉ ሁሉ በሌላ ስፍራ ይገለበጥ፤ በድሮ ቅርጽ የተጻፈውም ወደ ዩኒኮድ ይቀየር። ሁለተኛ፤ አዲሱ ሥርዓት አስቀድሞ በአንድ ኮምፒዩተር ላይ ይፈተን፤ ፈተናውም አማርኛውን አስተካክሎ፤ «አውጚ»ንም አሟልቶ መጻፉ ይሁን። ሦስተኛ፤ የሚችሉት ኮምፒዩተሮች ወደ ዊንዶውስ 11 ይሻገሩ፤ የማይችሉት በሊነክስ ይሥሩ፤ ያለ ጥበቃ የሚቀረው ከኢንተርኔትና ከፍላሽ ይራቅ።

እኛ በበኩላችን የቀደምት ተማሪዎቻችንን ጽሑፍ ፊደል በፊደል ወደ ዩኒኮድ መመለስ ጀምረናል። ሥራው አድካሚ ነው፤ ገና ጥቂት ገጽ ብቻ ተነቧል። መምህራንና ወላጆች፤ እንዲሁም የቀድሞ ተማሪዎች፤ በወረቀት የታተመ ቅጂ በቤታችሁ ካለ ለማመሳከሪያ እንድታውሱን በአክብሮት እንለምናለን።