በረኪና፦ ስሙ መጣ፣ መለኪያው ቀረ

«በረኪና» መነሻው አማርኛ አይደለም። ጣልያኖች «ቫሬኪና» ይሉታል። ቃሉ የፈረንሳዮቹ «ቫሬክ» ዘመድ ነው፤ ቫሬክ ደግሞ ማዕበል ወደ ዳር የሚተፋው የባሕር አረም ነው። የኖርማንዲና የብሪታኒ የባሕር ዳርቻ ሰዎች ይህን አረም ሰብስበው፣ አድርቀው፣ ያቃጥሉትና አመዱን ይሸጡት ነበር። ከአመዱ ሶዳ ይወጣል፤ ሶዳው ለመስታወትና ለሳሙና ሥራ ይውላል። እናም ዛሬ በአዲስ አበባ ጓዳ ጨርቅ የሚነከርበት፣ ወለል የሚወለወልበት፣ ሽንት ቤት የሚደፋው ያ አፍንጫ የሚሰነፍጥ ውሃ የባሕር አረም ስም ተሸክሞ ይኖራል። እንደ ፋብሪካ፣ እንደ ጎሚስታ፣ እንደ ላቫጆ ከጣልያን ጋር ገብቶ የቀረ ቃል ነው።

ቃሉ ሲገባ ግን አብሮት መግባት የነበረበት አንድ ነገር ቀርቷል፦ ቁጥሩ። ባለፉት ሁለት መቶ ዓመታት በረኪና ሕይወት ባዳነባቸው ቦታዎች «ስንት እጅ በረኪና፣ ስንት እጅ ውሃ፣ ለስንት ደቂቃ» ብሎ የወሰነ ሰው ነበረ። በግምት ሲደፋ ደግሞ ወይ ከንቱ ሆኗል፣ ወይ ጎድቷል።

የበረኪና ትልቁ ማስታወቂያ ለሁሉም መዋሉ ነው። ነጭ ልብስ ያነጣል፣ የሽንት ቤት ሽታ ያጠፋል፣ የሻገተ ግድግዳ ያጸዳል፣ ሕመምተኛ የተኛበት ክፍል ይወለወልበታል፣ ኮሌራ ሲገባ የመጠጥ ውሃ ይታከምበታል። ይህ ሁሉ እውነት ነው፤ ግን እያንዳንዱ ሥራ የራሱ ቅጥነት አለው። የተለመደው የቤት በረኪና ከመቶ 5 እጅ ገደማ ሶዲየም ሃይፖክሎራይት፣ የቀረው በአብዛኛው ውሃ ነው። ደም ወይም ትውከት የነካውን ወለል ለማጽዳት 1 እጅ በረኪና በ9 እጅ ውሃ ይቀጥናል። ለጠረጴዛና ለበር እጀታ 1 እጅ በ49 ይበቃል። ለመጠጥ ውሃ ከሆነ፣ ያውም መዓዛና ሳሙና ያልገባበት በረኪና ከተገኘ፣ ለአንድ ሊትር የጠራ ውሃ 2 ጠብታ ብቻ ጨምሮ 30 ደቂቃ መጠበቅ ነው። ከጠብታ እስከ ኩባያ ያለው ርቀት ሁሉ በአንድ ጠርሙስ ውስጥ ተቀምጧል ማለት ነው።

ከበረኪና በፊት ንጣት የጊዜ ሥራ ነበር። በአውሮፓ የተልባ እግር ጨርቅ በአመድ ውሃ ይቀቀላል፣ በአጓት ይነከራል፣ ከዚያ በሣር ሜዳ ላይ ተዘርግቶ ፀሐይና ጤዛ ሲፈራረቁበት ወራት ያልፋሉ። በኢትዮጵያ ደግሞ እንዶዱ ይወቀጣል፣ ጋቢውና ነጠላው ወንዝ ይወርዳል፣ ከታጠበ በኋላ ቀሪውን ፀሐይ ይሠራዋል። እንዶድም ቢሆን የዋዛ አይደለም። ዶ/ር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 አድዋ ላይ ሴቶች ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ ዝቅ ብሎ ቀንድ አውጣዎች ሞተው አገኙ፤ ቢልሃርዚያን የሚያስተላልፉ ቀንድ አውጣዎችን ለማጥፋት ያካሄዱት ምርምር የተነሣው ከዚያ ነው። ልብስ የሚያጠራው አረፋ ወንዝ ውስጥ ያለውን ሕይወትም ይገድላል። ጠንካራ ማጽጃ ሁሉ እንዲሁ ነው፤ ቆሻሻንና ገላን ለይቶ አያውቅም።

ክሎሪንን ለመጀመሪያ ጊዜ ያወጣው እ.ኤ.አ. በ1774 ስዊድናዊው መድኃኒት ቀማሚ ካርል ሼለ ነው። ጨርቅ እንደሚያነጣ ያሳየው ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1785 ፈረንሳዊው ኬሚስት ክሎድ ሉዊ ቤርቶሌ ሲሆን፣ ብዙም ሳይቆይ ከፓሪስ ጎን በነበረችው ጃቬል የተባለች መንደር ጋዙን በፖታሽ ውሃ ውስጥ እያሟሙ መሸጥ ተጀመረ። ፈረንሳዮችና ሞሮኳውያን በረኪናን ዛሬም «የጃቬል ውሃ» ይሉታል። በስኮትላንድ ቻርልስ ቴናንት እ.ኤ.አ. በ1799 በዱቄት መልክ አወጣው፤ በሣር ሜዳ ወራት ይፈጅ የነበረው ሥራም በቀናት የሚያልቅ ሆነ። እስከዚህ ድረስ ታሪኩ የጨርቅ ነጋዴዎች ታሪክ ነው።

ወደ ሕክምና ያስገባው ሽታ ነው። አንቷን ላባራክ የተባለ የፓሪስ መድኃኒት ቀማሚ በ1820ዎቹ የከብት አንጀት የሚሠራባቸውን፣ ሽታቸው መንደር የሚያስለቅቅ ቦታዎች በክሎሪን ውሃ አጸዳ። እ.ኤ.አ. በ1824 ንጉሥ ሉዊ 18ኛ በጋንግሪን ሲሞቱ አስከሬኑ አላስቀርብ ስላለ የተጠራው እሱ ነበር። ከአንጀት ሠራተኛ እስከ ንጉሥ አንድ መድኃኒት! በዚያ ዘመን ሽታ ራሱ በሽታ ነው ተብሎ ይታመን ስለነበር፣ ሽታውን ያጠፋ በሽታውን እንዳጠፋ ይቆጠር ነበር።

ያ የተሳሳተ እምነት ትክክለኛ ውጤት የሰጠው በቪየና ነው። በከተማዋ ትልቅ ሆስፒታል ሁለት የማዋለጃ ክፍሎች ነበሩ። በአንደኛው የሕክምና ተማሪዎች፣ በሁለተኛው አዋላጆች ይሠራሉ። በተማሪዎቹ ክፍል የሚወልዱ እናቶች በወሊድ ትኩሳት ይረግፉ ስለነበር ሴቶች ወደዚያ ላለመግባት ይለምኑ ነበር። ሐኪሙ ኢግናዝ ዜመልቫይስ ምክንያቱን ሲፈልግ ጓደኛው ያኮብ ኮሌችካ አስከሬን ሲመረመር በቢላ ተቆርጦ፣ ከእናቶቹ ጋር በሚመሳሰል ሕመም ሞተ። ዜመልቫይስ ነገሩ ገባው፦ ተማሪዎቹ ከአስከሬን ክፍል በቀጥታ ወደ ማዋለጃ ነው የሚመጡት። እጃቸውን በሳሙና ታጥበውም የአስከሬኑ ሽታ አይለቅም። ሽታውን የሚያስለቅቀው የክሎሪን ውሃ ነበርና እ.ኤ.አ. በግንቦት 1847 ማንም ሳይታጠብበት እንዳይገባ አዘዘ። በሚያዝያ ከመቶ እናቶች 18 ያህሉ ሞተውበት የነበረው ክፍል በሰኔ ወደ 2 ወረደ።

ስለ ጀርም የሚያውቅ ሰው በወቅቱ አልነበረም፤ ዜመልቫይስም አላወቀም። የክሎሪን ኖራ ከሱ በፊትም በየገበያው ነበር፤ ስለዚህ ግኝቱ ኬሚካሉ አይደለም። እሱ የጨመረው ደንብ ነው፦ ማን፣ መቼ፣ የቱ በር ላይ፣ በምን። ያንን ደንብ ብዙ ባልደረቦቹ እንደ ስድብ ቆጠሩት፤ የሐኪም እጅ ቆሻሻ ነው መባሉን አልወደዱትም። እሱም እ.ኤ.አ. በ1865 በአእምሮ ሕሙማን ማቆያ ውስጥ ሞተ።

ቀጥሎ የሚመጣው ዓመት እ.ኤ.አ. 1915 ነው፤ የክሎሪን ሁለት ፊት በአንድ ዓመት የታየው ያኔ ነው። በሚያዝያ 22 ጀርመኖች ቤልጅግ ውስጥ ኢፕር አጠገብ ከ150 ቶን በላይ የክሎሪን ጋዝ በነፋስ ለቀቁት፤ በምሽግ ውስጥ የነበሩ ወታደሮች ሳንባቸው እየተቃጠለ ሞቱ። በዚያው ዓመት ፈረንሳይ ውስጥ ኮምፒየኝ በሚገኝ ወታደራዊ ሆስፒታል እንግሊዛዊው ኬሚስት ሄንሪ ዴኪን ከቀዶ ሐኪሙ አሌክሲ ካሬል ጋር ሆኖ የመገለ ቁስል የሚታጠብበት መድኃኒት ፈለገ። ብዙ ኬሚካል ሞክሮ መጨረሻ ላይ የያዘው ያንኑ ሃይፖክሎራይት ነው። ገደቡ ግን ጥብቅ ነበር፦ ከመቶ ግማሽ እጅ ገደማ። ከዚያ በጣም ከቀጠነ ጀርሙን አይገድልም፤ ከበዛ ደኅናውን ሥጋ ይበላል። ስለዚህ በየጊዜው ይለካ ነበር፤ ቁስሉም በቱቦ በየሁለት ሰዓቱ ይታጠባል። ፔኒሲሊን ገና ባልነበረበት ዘመን ብዙ ወታደር እጅና እግሩ ሳይቆረጥ የዳነው በዚህ ነው።

ጠርሙሱን ወደ ቤት ያስገባችው ሴት ናት። እ.ኤ.አ. በ1913 አምስት ሰዎች እያንዳንዳቸው 100 ዶላር አዋጥተው በካሊፎርኒያዋ ኦክላንድ የበረኪና ፋብሪካ ከፈቱ፤ ኋላ ክሎሮክስ የተባለው ነው። መጀመሪያ የሚሸጡት ከመቶ 21 እጅ የሆነ ብርቱ በረኪና ለፋብሪካዎችና ለልብስ ማጠቢያ ቤቶች ነበር፤ ገበያው ግን አልያዘም። የሥራ አስኪያጁ ሚስት አኒ መሪ ግን ለቤት የሚሆን፣ ከመቶ 5 ነጥብ 25 እጅ የሆነ ቀጭን በረኪና እንዲሠራ ገፋፍታ፣ በትንንሽ ጠርሙስ በባሏ ሱቅ በኩል በነፃ ታድል ጀመር። ኩባንያው የቆመው በዚያ ነው። የንግድ ብልሃቷ ሲወራ የሚረሳው ነገር አለ፦ ወደ ሰው ቤት ከማስገባቷ በፊት አቅጥናዋለች።

ያም ሆኖ ጓዳ ውስጥ ያለ ብርቱ ኬሚካል አደጋው አልቀረም። ያኔ የአሜሪካ ቤቶች ኮስቲክ ሶዳም ነበራቸው። ስኳር ወይም ውሃ መስሏቸው የሚውጡ ሕፃናት ጉሮሯቸው ይቃጠላል፤ ሲድን ደግሞ ይጠብና ምግብ አያሳልፍም። እነዚህን ልጆች ያክም የነበረው የጉሮሮ ሐኪም ቼቫሊየር ጃክሰን ማከሙ ብቻ አልበቃ ብሎት ለዓመታት ምክር ቤት ደጅ ጠና። እ.ኤ.አ. በ1927 የወጣው ሕግ እንዲህ ያሉ ኬሚካሎች «መርዝ» የሚል ጽሑፍና ለተዋጠ ሰው የሚደረገው እርዳታ ታትሞባቸው እንዲሸጡ አስገደደ።

በኢትዮጵያ ደረጃቸውን የጠበቁ፣ መለያ የተለጠፈባቸው በረኪናዎች አሉ። ከጎናቸው ግን ከጀሪካን ተቀድቶ በሃይላንድ ፕላስቲክ የሚሸጥም አለ። ከመቶ ስንት እጅ እንደሆነ፣ መቼ እንደተመረተ የሚናገር ምንም ነገር አልተጻፈበትም። በረኪና በፀሐይ፣ በሙቀትና በጊዜ ብዛት ኃይሉን ያጣል፤ ብርሃን በሚያሳልፍ ፕላስቲክ መስኮት ላይ ከከረመ ከውሃ ብዙም አይሻል ይሆናል። ትናንት የተመረተው ደግሞ እጅ ይልጣል። ገዢው ሁለቱን የሚለይበት መንገድ የለውም፤ ስለዚህ በሽታው ይለካል፣ አፍንጫ እስኪሰነፍጥ ይጨምራል። የውሃ ፕላስቲክ ደግሞ የተጠማ ልጅ አንስቶ የሚጠጣው ዕቃ ነው። በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ስለ አዋቂዎች መመረዝ የተሠራ ጥናት የቤት ማጽጃዎችን ከቀዳሚዎቹ ምክንያቶች መድቧል። ያ በአብዛኛው ስሕተት ሳይሆን የከፋው ሰው በራሱ ላይ የሚያደርሰው ጉዳት ነው፤ መለያ ብቻውን አይፈታውም።

ከሁሉ የባሰው መቀላቀል ነው። «አንዱ ካጸዳ ሁለቱ ይበልጥ ያጸዳሉ» የሚል ሂሳብ በየቤቱ አለ። በረኪና ከሽንት ቤት አሲድ፣ ከአቼቶ ወይም ከሎሚ ጋር ሲገናኝ የሚወጣው ጋዝ ኢፕር ላይ የተለቀቀው ያው ክሎሪን ነው። በረኪናና አቼቶ፣ ሁለቱም ከጣልያን የመጡ ቃላት፣ በአንድ ባልዲ መገናኘት የለባቸውም። ከአሞኒያ ጋር ደግሞ ሌላ መርዛማ ጋዝ ይወጣል፤ ያልተለቀቀ ሽንት ባለበት መቀመጫ ላይ በረኪና ሲደፋ ዓይን የሚያስለቅሰው አንዱ ምክንያት ይህ ነው። ማንኛውም በረኪና በክሎሮክስ ስም በሚጠራባቸው የአረብ አገራት ቤት የሚሠሩ ኢትዮጵያውያን ሴቶች ይህን በአካላቸው ያውቁታል። መስኮት የሌለው መታጠቢያ ቤት፣ በሩ ዝግ፣ አሠሪዋ «ጨምሪበት» ትላለች፤ ሳል ሲጀምር ብርድ ነው ይባላል።

ለሁሉም ይሆናል የተባለውም በእርግጥ ለሁሉም አይሆንም። ቅባት አያስለቅቅም፤ ያ የሳሙና ሥራ ነው። ሱፍና ሐር ያበላሻል፣ ብረት ያዝጋል፣ የነጠላውን ጥለት ከነቀለሙ ይዞ ይሄዳል። ጭቃ ባለበት ወለል ላይ ሲደፋ ጀርሙ ጋ ሳይደርስ ከቆሻሻው ጋር ሲታገል ያልቃል። እ.ኤ.አ. በ2020 በብዙ የዓለም ከተሞች መኪና እየዞረ አስፋልት ላይ ክሎሪን ሲረጭ የዓለም ጤና ድርጅት አይጠቅምም፣ በሰው ላይ መርጨት ደግሞ በፍጹም አይገባም ያለው በዚሁ ምክንያት ነው። ለካሜራ ግን ያምር ነበር።

ነገሩ ይቻላል ወይ ለሚል፣ መልሱ እዚያው ሱቅ መደርደሪያ ላይ ነበረ። በኢትዮጵያ ሲሸጥ የኖረው «ውሃ አጋር» የሚባለው የውሃ ማከሚያ ሌላ ነገር አይደለም፤ ያው ሶዲየም ሃይፖክሎራይት ነው፣ ከመቶ 1 ነጥብ 25 እጅ ሆኖ የቀጠነ። ትንሽ ጠርሙስ፣ ስሙ የተጻፈበት፣ አጠቃቀሙ የተገለጸበት። መለኪያ ማንኪያ ፍለጋ የሚሄድ የለም፤ መለኪያው ራሱ ክዳኑ ነው። ለአንድ የ20 ሊትር ጀሪካን የጠራ ውሃ አንድ ክዳን፣ ከዚያ ግማሽ ሰዓት መጠበቅ። ማንበብ የማይችል ሰው እንኳን ክዳን መቁጠር ይችላል። ከጎኑ የተቀመጠው ሃይላንድ የሱን አራት እጥፍ ሊበረታ ይችላል፤ ክዳኑ ግን የውሃ ክዳን ነው፤ ምንም አይለካም።