ቡናና የቡታጅራ ቆጠራ

ወልቂጤና ቡታጅራ ሁለቱም የጉራጌ ምድር ከተሞች ይሁኑ እንጂ ፊታቸውን ያዞሩት ወደተለያየ አቅጣጫ ነው። ወልቂጤ ከአዲስ አበባ ወደ ጅማ የሚወስደው መንገድ ወደ ጊቤ ሸለቆ ከመውረዱ በፊት የምትገኝ በመሆኗ፣ ከምዕራቡ የቡና አገር የሚመጣው ጭነት በደጃፏ ሲያልፍ ኖሯል፤ ቡታጅራ በበኩሏ በዘቢዳር ተራራ ግርጌ፣ በስምጥ ሸለቆው ጠርዝ ላይ ተቀምጣ የሆሳዕናንና የዝዋይን መንገድ ታገናኛለች። በንጉሡም በደርግም ዘመን አንዷ የጨቦና ጉራጌ፣ ሌላዋ የሃይቆችና ቡታጅራ አውራጃ ነበሩ፤ በኋላ በአንድ ዞን ሥር ቢጠቃለሉም፣ በ2015 ዓ.ም. ማብቂያ የማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል ከተመሠረተ ወዲህ ወልቂጤ የጉራጌ፣ ቡታጅራ ደግሞ የምሥራቅ ጉራጌ ዞን መቀመጫ ሆነዋል።

በሁለቱም ዙሪያ ባለው ገጠር ቡና የኖረው በሰፊ እርሻነት ሳይሆን በጓሮ ተክልነት ነው። ቆጮ የሚገኝበት እንሰት ከቤቱ ጀርባ ይተከላል፤ የአየሩ ጠባይ በሚፈቅድበት ወይና ደጋ ቡናውና ጫቱ ከእንሰቱ አጠገብ ይበቅላሉ፤ እንደ ጉመርና ጌቶ ያሉት ደጋ አገሮች ግን ቡናውን ከገበያ ይሸምታሉ። በ1950ዎቹ መጨረሻ (እ.ኤ.አ.) በቸሃ ተቀምጦ ሕዝቡን ያጠናው አሜሪካዊው አንትሮፖሎጂስት ዊልያም ሻክ እ.ኤ.አ. በ1966 ያሳተመውን መጽሐፍ በእንሰት ስም ሰይሞታል፤ እንሰት የቤቱን ማጀት ይሙላ እንጂ ቀኑን የሚከፋፍለው፣ ጎረቤትን የሚያሰባስበውና እንግዳን የሚያስቀምጠው ግን ጀበናው ነው። በሰባት ቤት ጉራጌ አካባቢ ቃዋ የሚባለው ይህ ቡና በጨውና በተነጠረ ቅቤ የሚጠጣበት ልማድ ስላለ፣ ስኳርን ብቻ ለለመደ ከተሜ ከመጠጥ ይልቅ ወደ ምግብ የቀረበ ሊመስለው ይችላል።

ልማዱ ከጸሎትም ጋር የተቆራኘ ነው። በማዕከላዊውና በሰሜኑ ደጋ የነበረው ክርስቲያን እስከ 19ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ ድረስ ቡናን የሙስሊሞች መጠጥ አድርጎ ይሸሸው እንደነበር፣ ይህም በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን እየላላ እንደሄደ የታሪክ ጸሐፊዎች ያትታሉ። በጉራጌ ምድር ግን ሌሊቱን በዚክር ማንጋት ለሚፈልግ ሙስሊም ቡናም ጫትም የንቃት ረዳቶች ሆነው ቆይተዋል፤ የቃዲሪያ ጠሪቃ ማዕከል የሆነው የቸሃው አብረት ይህን ሥርዓት ካስፋፉት ስመ ጥር ቦታዎች አንዱ ነው። እ.ኤ.አ. በ1999 የታተመ፣ 10,468 አዋቂዎችን ያካተተ የቡታጅራ ጥናት ከተጠየቁት ግማሾቹ በወቅቱ ጫት ይቅሙ እንደነበር ሲያሳይ፣ ከተሰጡት ምክንያቶች ዋነኛው በጸሎት ጊዜ ሐሳብን ለመሰብሰብ የሚል ነበር። ሁለቱ አነቃቂዎች በአንድ መደብ ላይ አብረው ቢቀርቡም በሥራቸው አንድ አይደሉም፤ የቡናው ካፌይን ሲሆን የጫቱ ካቲኖን የሚባል፣ ከአምፌታሚን ጋር የሚቀራረብ ንጥረ ነገር ነው፤ ስለዚህ ስለ አንዱ የተገኘ ውጤት ለሌላው ማስረጃ ሊሆን አይችልም።

ቡታጅራ በሕክምና ጥናት ዓለም ስሟ የተነሣው ግን በቡናዋ ሳይሆን በቆጠራዋ ነው። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ሁለተኛ አጋማሽ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ከስዊድኑ ኡሜዎ ዩኒቨርሲቲ ጋር በመተባበር ልደትን፣ ሞትንና ፍልሰትን በየጊዜው የሚመዘግብ የገጠር ጤና ፕሮግራም በአካባቢው ተከለ፤ የተመረጡት ዘጠኝ የገበሬ ማኅበራትና አንድ የከተማ ቀበሌ ነበሩ። በዚያው ዘመን ፕሮፌሰር ረዳ ተክለሃይማኖት የመሩት ቡድን በአካባቢው የነርቭ ሕመሞችን ለመቁጠር ተነሣ። የሠለጠኑ ጠያቂዎች ቤት ለቤት እየዞሩ ምልክት ያለባቸውን ለዩ፤ የተለዩትን ደግሞ ሐኪሞች መረመሯቸው። እ.ኤ.አ. በ1990 የታተመው ውጤት 60,820 ሰዎችን የሸፈነ ሲሆን፣ የነርቭ ሐኪም ቀርቶ ማንኛውም ሐኪም ብርቅ በነበረበት አገር እንዲህ ያለ ሥራ መሠራቱ ዛሬም ያስደንቃል።

ቆጠራው ያገኘው ሥዕል የዘመኑን የገጠር ኑሮ የሚያሳይ ነው። ከ100,000 ሰዎች 520ዎቹ የሚጥል ሕመም ነበረባቸው፤ ቀጥለው የመጡት ፖሊዮ ያስከተለው ሽባነት፣ የአእምሮ ዕድገት ውስንነት፣ በአብዛኛው ከሥጋ ደዌ የመነጨ የነርቭ ጉዳትና መስማትና መናገር አለመቻል ነበሩ። የአእምሮ ሴሎች ከዓመት ወደ ዓመት እየመነመኑ የሚሄዱባቸው ሕመሞች በዝርዝሩ ግርጌ ላይ ነበሩ፤ ከእነርሱ አንዱ የሆነው ፓርኪንሰን፣ ማለትም እጅን እያንቀጠቀጠ፣ ጡንቻን እያገተረ እንቅስቃሴን የሚያዘገየው ሕመም፣ ከ100,000 ሰዎች በ7ቱ ላይ ብቻ ተገኘ። በአውሮፓ በተመሳሳይ መንገድ የተደረጉ ቆጠራዎች ብዙ ጊዜ ከ100 እስከ 200 የሚደርስ ቁጥር ይሰጣሉ። ልዩነቱ ዓይን የሚስብ ነው፤ ቡና ወዳድ የሆነ አንባቢም ከጀበናው ጋር ሊያያይዘው መፈተኑ አይቀርም።

ፈተናው የመጣው ከሌላ የዓለም ጫፍ ነው። ጀርመናዊው ኬሚስት ፍሪድሊብ ፈርዲናንድ ሩንገ በገጣሚው ጎተ አደፋፋሪነት እ.ኤ.አ. በ1819 ካፌይንን ከቡና ፍሬ ለይቶ አወጣ፤ ይህም እንግሊዛዊው ሐኪም ጄምስ ፓርኪንሰን በስሙ የተጠራውን ሕመም ከገለጸ ከሁለት ዓመት በኋላ መሆኑ ነው። ሁለቱ ነገሮች በአንድ ጥናት ውስጥ በጉልህ እስኪገናኙ ግን ወደ ሁለት ክፍለ ዘመን ፈጀ። ለልብና ለደም ሥር ሕመም ጥናት ተብሎ እ.ኤ.አ. በ1965 በሃዋይ የተጀመረው የሆኖሉሉ ፕሮግራም ስለ ምግብና መጠጥ ከጃፓናውያን ዝርያ አሜሪካውያን ወንዶች የሰበሰበውን መረጃ ሰነድ አድርጎ አቆይቶ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2000 ይኸው መረጃ ለሌላ ጥያቄ ሲገለጥ፣ ለ30 ዓመት ከተከታተሏቸው 8,004 ወንዶች በፓርኪንሰን የተያዙት 102 ሆኑ። ቡና በማይጠጡት ዘንድ በ10,000 የሰው ዓመት 10.4 አዲስ ሕመምተኛ ሲመዘገብ፣ በቀን ወደ 830 ሚሊ ሊትርና ከዚያ በላይ በሚጠጡት ዘንድ ግን ቁጥሩ 1.9 ነበር። በሰው ዓመት መቁጠር ማለት አንድ ሰው ለአንድ ዓመት ሲታይ እንደ አንድ ማስላት ነው።

ለውጤቱ የተሰጠው ማብራሪያ ከአእምሮ ውስጥ አሠራር ይነሣል። ሰው ነቅቶ በቆየ ቁጥር በአእምሮው አዴኖሲን የተባለ ንጥረ ነገር ይከማቻል፤ ይህም በሴሎች ላይ ከተዘጋጁለት መያዣዎች ጋር ሲገናኝ ድካምና እንቅልፍ ይመጣል። ካፌይን መልኩ ከአዴኖሲን ጋር ስለሚመሳሰል መያዣውን ቀድሞ ይይዝበታል። ከእነዚህ መያዣዎች አንዱ እንቅስቃሴን በሚመራው የአእምሮ ክፍል፣ ዶፓሚን በሚሠራበት ሥፍራ በብዛት ይገኛል፤ በፓርኪንሰን የሚሞቱትም ዶፓሚንን የሚያመነጩት ሴሎች ናቸው። ይህንኑ መያዣ የሚዘጋው ኢስትራዴፊሊን እ.ኤ.አ. በ2013 በጃፓን፣ በ2019 በአሜሪካ በረዳት መድኃኒትነት መፈቀዱ ሐሳቡ መሠረት እንዳለው ያሳያል፤ መድኃኒቱ ግን የታማሚውን እንቅስቃሴ ለማቅለል እንጂ ሕመሙን ለማስቆም የተፈቀደ አይደለም።

ከዚህ በላይ መሄድ ግን አስቸግሯል። በካናዳ የነርቭ ሐኪሞች የመሩት አነስተኛ ሙከራ እ.ኤ.አ. በ2012 በ61 ታማሚዎች ላይ መጠነኛ መሻሻል ቢያሳይም፣ እ.ኤ.አ. በ2017 የታተመውና 121 ታማሚዎችን ለሁለት ከፍሎ ለአንዱ ወገን በቀን ሁለት ጊዜ 200 ሚሊ ግራም ካፌይን፣ ለሌላው ካፌይን የሌለበት ተመሳሳይ ክኒን የሰጠው ሙከራ ጥቅም ስላላሳየ ከታሰበለት ጊዜ በፊት ቆመ። ስለ መርሳት ሕመምም ነገሩ የተቀላቀለ ነው። 1,409 ፊንላንዳውያንን በአማካይ ለ21 ዓመት የተከታተለው ጥናት በጎልማሳነታቸው በቀን ከ3 እስከ 5 ስኒ የሚጠጡት በ65 ከመቶ ያነሰ አደጋ እንደነበረባቸው እ.ኤ.አ. በ2009 ሲገልጽ፣ በእንግሊዝ በብዙ መቶ ሺህ ሰዎች መረጃ ላይ የተመሠረተው የ2021 ጥናት ደግሞ በቀን ከ6 ስኒ በላይ መጠጣትን ከከፍተኛ አደጋ ጋር አያይዞታል።

ከሁሉም ይልቅ በጉራጌ ቤት ውስጥ ትርጉም የሚያገኘው ጥርጣሬ ሌላ ነው። ፓርኪንሰን እጅ ከማንቀጥቀጡ ከብዙ ዓመታት በፊት የማሽተት ችሎታን ይቀንሳል፤ ታማሚው ግን ይህን ብዙውን ጊዜ አያስተውለውም። ቡና ሲቆላ ብረት ምጣዱ በተቀመጡት ፊት እየዞረ ጭሱ በእጅ ወደ አፍንጫ በሚሳብበት ቤት ውስጥ፣ ሽታው የጠፋበት ሰው የመጠጡን ግማሽ ጣዕም አጥቷል ማለት ይቻላል፤ ቀስ በቀስ ስኒ ቢቀንስ አያስገርምም። እንዲህ ከሆነ ቡና መተው የሕመሙ መነሻ ሳይሆን የሕመሙ የመጀመሪያ ምልክት ይሆናል፤ የሆኖሉሉ ተመራማሪዎች ረጅም ዓመታትን ወደ ኋላ መመልከታቸው ይህን ጥርጣሬ ቢያቃልለውም ፈጽሞ አላስወገደውም።

እንግዲህ ወደ ቡታጅራው 7 ሲመለሱ ቁጥሩ ቡናን ሊሸከም እንደማይችል ግልጽ ይሆናል። ወደ ሰው ሲመነዘር ከ60,820 ነዋሪዎች አራት ገደማ ሰዎች ማለት ነው። ፓርኪንሰን በአብዛኛው ከ60 ዓመት በኋላ የሚመጣ ሕመም ሲሆን፣ በዚያን ጊዜ የኢትዮጵያውያን አማካይ ዕድሜ ከ50 በታች ነበር፤ ሕዝቡም በአመዛኙ ሕፃንና ወጣት ነበር። ለሕመሙ የሚሰጠው ሌቮዶፓ የተባለ መድኃኒት በገጠር በማይገኝበት አገር የተያዘው ሰው ቶሎ ስለሚሞት፣ በአንድ ቀን በር የሚያንኳኳ ቆጣሪ የሚያገኘው የተረፉትን ብቻ ነው፤ የሽማግሌ እጅ መንቀጥቀጥም በቤተሰቡ ዘንድ እንደ እርጅና እንጂ እንደ ሕመም አይቆጠርም። እ.ኤ.አ. በ1998 በዚያው አካባቢ የተጀመረውና 68,378 ሰዎችን ያጣራው ትልቁ የአእምሮ ሕመም ጥናት የያዘውም ከ15 እስከ 49 ዓመት ያሉትን ነበር፤ ዓላማው ሌላ በመሆኑ ምርጫው ትክክል ቢሆንም፣ የአረጋውያን አእምሮ እንደገና ከመዝገቡ ውጭ ቀረ።

የሆኖሉሉን ሚዛን በቡታጅራ ዙሪያ ወዳለው መስቃንና ወደ ቸሃ ማዛወርም ቀላል አይደለም። ጥናቱ የቆመው በጠጪውና በማይጠጣው ልዩነት ላይ ሲሆን፣ ሁሉም ማለት ይቻላል በሚጠጣበት መንደር የማይጠጣውን ወገን ማግኘት ይቸግራል። ስኒውም ትንሽ ነው፤ አቦሉ ጠንካራ፣ ቶናው የለዘበ፣ በረካው ደግሞ ከካፌይን ይልቅ ለምርቃት የሚጠጣ በመሆኑ በቀን ሦስት ስኒ የሚለው መልስ ምን ያህል ካፌይን እንደሆነ ለማወቅ አያስችልም። የተጠኑት ደግሞ ወንዶች ነበሩ፤ በጉራጌ ግን ቡናውን የምትቆላውም፣ የምትወቅጠውም፣ እስከ በረካ የምትቀመጠውም ሴቷ ናት። እ.ኤ.አ. ከ2001 ጀምሮ በአሜሪካ ሴቶች ላይ የተደረጉ ጥናቶች በሴቶች ዘንድ ግንኙነቱ እንደ ወንዶቹ ቀጥተኛ አለመሆኑን፣ ካረጡ በኋላ ኤስትሮጅን የተባለውን ሆርሞን በመድኃኒት መልክ በሚወስዱት ላይ ደግሞ እንደሚለወጥ አሳይተዋል።

በከተሞቹ መጠጡ ራሱ እየተለወጠ ነው። በወልቂጤ መንገድ ዳር የጅማ መንገደኛ የሚያርፍባቸው ካፌዎች ከጣሊያን የወረሱትን ማኪያቶ ያቀርባሉ፤ ሻይ ከቡና ጋር የሚደባለቅበት ስፕሪስም ደንበኛ አለው፤ ቅቤውና ጨዉ በገጠሩ ቤትና በበዓል ቀን እየተወሰኑ ስኳር ቦታቸውን ይዟል። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ቆጠራ ጊዜ ልጆች የነበሩት የቡታጅራ ሰዎችም አሁን ፓርኪንሰንና የመርሳት ሕመም ወደሚበዙበት ዕድሜ እየተቃረቡ ነው። ላንሴት የተባለው የሕክምና መጽሔት ያቋቋመው ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ2024 የመርሳት ሕመምን አደጋ ለመቀነስ ሊስተካከሉ የሚችሉ 14 ነገሮችን ሲዘረዝር ቡናን አላነሣም፤ ያነሣቸው ግን ከጀበናው ዙሪያ የራቁ አይደሉም፦ የደም ግፊት፣ ጨው የሚያባብሰው ነውና፤ ኮሌስትሮል፣ ቅቤውም ሳይጠለል የሚቀዳው ቡናም የሚጨምሩት ነውና፤ የተበከለ አየር፣ ቡናው የሚፈላው በማገዶ ጭስ መሐል ነውና፤ እንዲሁም ከሰው ተነጥሎ መኖር፣ ቡና የሚያፈላ ቤት ግን ጎረቤቱን ሳይጠራ አይጠጣም።