የእንግሊዝኛ ሥነ ጽሑፍ በ«ኤ ሌቨል»፦ ተማሪው የሚጠየቀው ምንድን ነው?

በእንግሊዝ አገር አንድ ተማሪ 16 ዓመት ገደማ ሲሆነው አጠቃላይ የሁለተኛ ደረጃ ፈተናውን ይወስድና ለቀጣዮቹ ሁለት ዓመታት የሚያጠናቸውን ጥቂት የትምህርት ዓይነቶች፣ አብዛኛውን ጊዜ ሦስት፣ ይመርጣል። «ኤ ሌቨል» የሚባለው ይህ እርከን እ.ኤ.አ. በ1951 የተጀመረ ሲሆን እስከ ዛሬ ዋነኛው የዩኒቨርሲቲ መግቢያ መንገድ ነው። ስኮትላንድ የራሷ የተለየ ሥርዓት ስላላት ከዚህ በታች የተጻፈው እርሷን አይመለከትም።

ለምርጫ ከሚቀርቡት አንዱ የእንግሊዝኛ ሥነ ጽሑፍ ነው። ስሙ ብዙ ወላጆችን ያሳስታል። «የእንግሊዝኛ ቋንቋ» የሚባል ሌላ ትምህርት አለ፤ እርሱ የቋንቋውን አወቃቀር፣ ለውጥና አጠቃቀም ይመረምራል። ሁለቱን አጣምሮ የያዘ ሦስተኛም አለ። ሥነ ጽሑፍን የሚመርጥ ተማሪ ሰዋስው ለመማር ሳይሆን ልብ ወለድ፣ ተውኔትና ግጥም ለመመርመር ተመዝግቧል።

እ.ኤ.አ. ከ2015 ጀምሮ ማስተማር በተጀመረበት ሥርዓት ተማሪው በሁለት ዓመት ውስጥ ቢያንስ ስምንት ሥራዎችን ያጠናል። ከእነዚህ ሦስቱ ከ1900 በፊት የተጻፉ መሆን አለባቸው፤ የሼክስፒር አንድ ተውኔት ግዴታ ነው፤ ከ2000 ወዲህ የወጣ ሥራም ሊኖር ይገባል። ፈተናውን የሚያዘጋጁት ተቋማት ከአንድ በላይ ናቸው። ለምሳሌ «ኤ.ኪው.ኤ.» በተባለው ተቋም «ሀ» መርሐ ትምህርት የመጀመሪያው ወረቀት ፍቅር በየዘመኑ እንዴት እንደተጻፈ የሚጠይቅ የሦስት ሰዓት ፈተና ነው፤ ሁለተኛው በአንድ ዘመን ሥራዎች ላይ ያተኩራል፤ እያንዳንዳቸው 40 በመቶ ይይዛሉ። ቀሪው 20 በመቶ ተማሪው ሁለት ሥራዎችን አነጻጽሮ የሚጽፈው 2,500 ቃላት ያህል የሚረዝም ጥናት ነው።

ከዚህ ሁሉ በላይ ተማሪዎችን የሚያስቸግረው ግን የሚጠበቀው የመልስ ዓይነት ነው። በዝርዝሩ ካሉት ተውኔቶች አንዱ የሆነውን «ኦቴሎ»ን እንውሰድ። ኦቴሎ ለዴዝዴሞና የሰጣት መሐረብ ከእጇ ይወጣና በኢያጎ ሤራ የክህደት ማስረጃ ይሆናል። ይህን የታሪክ ሂደት አሳምሮ የሚተርክ ተማሪ አነስተኛ ነጥብ ያገኛል፤ ፈታኙ ታሪኩን ያውቀዋልና። የሚፈለገው ደራሲው ያን ያህል ቀላል ጨርቅ የሰው ሕይወት እንዲሸከም ያደረገው ለምን እንደሆነ፣ በየትኞቹ ቃላትና በየትኛው ትዕይንት እንዳደረገው ማሳየት ነው። በ17ኛው መቶ ዘመን መባቻ የነበረ የለንደን ተመልካች ጥቁር የጦር አዛዥን በመድረክ ሲያይ ምን ሊያስብ እንደሚችልም ማመዛዘን ይጠበቅበታል። ጥፋቱ የኢያጎ ነው ወይስ የኦቴሎ የራሱ ቅናት? ሁለቱም ወገን የሚሟገትለት አለው። ነጥብ የሚያስገኘው አንዱን በማስረጃ ይዞ ሌላውን ሳይንቁ መከራከር ነው።

በኢትዮጵያ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች እንግሊዝኛ የማስተማሪያ ቋንቋና አንድ የትምህርት ዓይነት ቢሆንም ራሱን የቻለ የእንግሊዝኛ ሥነ ጽሑፍ ትምህርት የለም። ስለዚህ ዘግይቶ ወደ እንግሊዝ የሄደ ወጣት የሼክስፒር ጥንታዊ ቋንቋ ቢከብደው አያስደንቅም፤ እዚያ ተወልዶ ያደገውንም ይከብደዋል። ይሁን እንጂ ባዶ እጁን አይደለም። ሰምና ወርቅ ሲፈታ ያየ ሰው አንድ ቃል ሁለት ትርጉም እንደሚሸከም፣ ላይኛው ታችኛውን እንደሚሸፍን ያውቃል፤ ለግጥም ትንተና ይህ ትልቅ ስንቅ ነው። «ኦቴሎ» ራሱ በጸጋዬ ገብረ መድኅን ወደ አማርኛ ተመልሷል። ተውኔቱን አስቀድሞ በአማርኛ አንብቦ ወደ እንግሊዝኛው መሄድ ነውር የለበትም፤ እንዲያውም ተርጓሚው የት ቦታ ላይ እንደተቸገረ ማስተዋል ዋናው ጽሑፍ የት እንደሚጠጥር ያሳያል።

ትምህርቱ ግን ተማሪ እየራቀው ነው። እ.ኤ.አ. በ2022 የእንግሊዝኛ ሥነ ጽሑፍ በብዛት ከሚመረጡት አሥር የኤ ሌቨል ትምህርቶች ተርታ ወጣ፤ ሒሳብና ሥነ ልቦና ቀዳሚዎቹ ነበሩ። በምክንያትነት ከሚነሡት መካከል መንግሥት ለሳይንስ የሰጠው ማበረታቻ፣ እንዲሁም በ2012 እስከ 9,000 ፓውንድ የደረሰው የዩኒቨርሲቲ ዓመታዊ ክፍያ ይገኙበታል። እዳ የሚጠብቀው ወጣት ሥራ ያስገኛል ወደሚባለው ማዘንበሉ የሚጠበቅ ነው። ሕግ ለማጥናት ለሚያስብ ግን ረጅም ጽሑፍ አንብቦ መከራከርን የሚያለማምድ በመሆኑ ከጥሩ ምርጫዎች አንዱ ነው። ሕክምና የሚፈልግ ተማሪም ኬሚስትሪንና ሌላ የሳይንስ ትምህርት ከያዘ በሦስተኛነት ሊወስደው ይችላል፤ የሚያመለክትበት ዩኒቨርሲቲ የሚጠይቃቸውን የትምህርት ዓይነቶች ግን አስቀድሞ ማየት አለበት።

ከመመዝገብ በፊት ትምህርት ቤቱ የየትኛውን ተቋም ፈተና እንደሚሰጥና የትኞቹን መጻሕፍት እንደመረጠ መጠየቅ ያስፈልጋል። አንዳንዱ ወረቀት መጽሐፍ ይዞ መግባት ይፈቅዳል፣ አንዳንዱ ይከለክላል፤ የዝግጅቱም መልክ በዚያው ልክ ይለያያል። የመጻሕፍቱ ዝርዝር ከታወቀ በኋላ ቢያንስ አንዱን ረጅም ልብ ወለድ በክረምቱ ዕረፍት አንብቦ መጨረስ መስከረም ላይ የሚመጣውን ጫና ያቀልላል።