የጥርስ ሐኪም ተማሪ ችሎታ በምን ይመዘናል? ከገዳሪፍ እስከ ጎንደር

ከጎንደር ተነሥቶ በመተማና በገላባት በኩል ወደ ገዳሪፍ የሚወርደው መንገድ ነጋዴውን፣ የሰሊጥና የማሽላ አጫጁን፣ በክፉ ዘመንም ስደተኛውን ሲያመላልስ የኖረ ነው። ከሰዎቹም ጋራ ልማዳቸው ይጓዛል። ከነዚህም አንዱ በእኛ ዘንድ «ግግ ማስወጣት» የሚባለው ነው። ሕፃን ሲያተኵሰው ወይም ሲያስቀምጠው፣ ክራንቻው ሊበቅልበት ያበጠው ድድ የበሽታው ምንጭ ነው ተብሎ ይታመንና፣ ወጌሻው በጋለ መርፌ ወይም በስለት ገና ያልወጣውን ጥርስ ፈንቅሎ ያወጣዋል። ደም መፍሰስና የቍስል መመረዝ ሕፃኑን እስከ ሞት ሊያደርሰው ይችላል። ልማዱ በሱዳንም በኢትዮጵያም በሐኪሞች ተመዝግቧል። ብዙ ቤተ እስራኤላውያን በ1984 እና በ1985 (ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር አድርጌአቸዋለሁ) በገዳሪፍ ግዛት እንደ ኡም ራኩባ ካሉት የስደተኞች ሰፈሮች ወደ እስራኤል ከተወሰዱ በኋላ፣ በዚያ አገር ያሉ የጥርስ ሐኪሞች ከኢትዮጵያ የመጡ ልጆችን ሲመረምሩ፣ የወተት ክራንቻቸው የጐደለና ተተኪው ጥርስ የተበላሸባቸው አግኝተዋል።

ይህን ያነሣሁት ለአስተማሪ የሚሆን ጥያቄ ስላለበት ነው። የወጌሻው እጅ ፈጣንና ልምድ ያለው ነው። እንግዲህ ችሎታ በተነቀለ ጥርስ ብዛት የሚቈጠር ቢሆን ኖሮ፣ ወጌሻውን የሚበልጥ ተማሪ ባልተገኘም ነበር። ሆኖም በብዙ አገር የጥርስ ሕክምና ትምህርት ቤቶች ለረጅም ጊዜ የጸናው ደንብ፣ ተማሪው ይህን ያህል እንዲነቅል፣ ይህን ያህል እንዲሞላ የሚያዝዝ ነበር። እንዲህ ያለው ደንብ ተማሪውን ከበሽተኛው ይልቅ ጥርሱን እንዲፈልግ ያደርገዋል።

በካርቱም በ1924 የተከፈተው የኪችነር የሕክምና ትምህርት ቤት፣ የመጨረሻውን ፈተና የሚመለከት ታዛቢ ከእንግሊዝ አገር ያስመጣ ነበር። በካርቱም ዩኒቨርሲቲ የጥርስ ሕክምና ፋኩልቲ የተቋቋመው ግን በ1971 ነው። በ1954 የተከፈተው የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ በበኩሉ የጤና መኰንኖችን፣ ነርሶችንና ሳኒተሪያኖችን ባንድነት ወደ ገጠር የጤና ጣቢያ እየላከ፣ ሥራቸውን በሥራው ቦታ እንዲማሩት አደረገ።

በ1975 ሮናልድ ሃርደን የተባለው ሐኪም በስኮትላንድ አዲስ ፈተና አሳተመ፤ ተማሪዎች ሁሉ በተራ ከጣቢያ ወደ ጣቢያ እየተዘዋወሩ፣ በተወሰነ ደቂቃ፣ አስቀድሞ በተጻፈ መመዘኛ ይፈተናሉ። በ1990 ደግሞ አሜሪካዊው ጆርጅ ሚለር አራት ደረጃ ለየ፦ ማወቅ፣ እንዴት እንደሚሠራ ማወቅ፣ ሠርቶ ማሳየት፣ በዕለት ሥራ ላይ መፈጸም። የሃርደን ፈተና አድልዎን ይቀንሳል፤ ነገር ግን ሦስተኛውን ደረጃ አያልፍም። አራተኛው የሚታየው፣ እንደ ጎንደሩ ልማድ፣ ተማሪው በጤና ጣቢያ ሲውል ነው።

ለምሳሌ አንዲት እናት ከገላባት ተቅማጥ የያዘው ሕፃን አቅፋ መጥታ «ግጉን አውጣልኝ» ብትል፣ ፈታኙ ሊመለከት የሚገባው የተማሪውን መንቀያ አያያዝ አይደለም። የትኵሳቱን ምክንያት መርምሮ፣ ሕፃኑ ውሃ እንዳያልቅበት አድርጎ፣ እናቲቱን ሳያሳፍር አስረድቶ፣ በመዝገቡ ላይ «ምንም አልተነቀለም» ብሎ የጻፈው ተማሪ ሙሉ ነጥብ ይገባዋል።