የመገናኛ ራዲዮ ዋጋና የባሌ ተራሮች

አንባቢ ሆይ፤ አንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት የመገናኛ መሣሪያ ሊገዛ ሲነሣ አስቀድሞ የሚመረምረው ነጋዴው ያቀረበውን ዋጋ ነው። ነገር ግን የራዲዮ እውነተኛ ዋጋ ከዕቃው ይልቅ በርቀቱ፣ በመልክዐ ምድሩና በኀይል ምንጩ የሚወሰን መሆኑን የባሌ ደጋ በሚገባ ያስረዳናል።

የዓለም ባንክ በ1943 ዓ.ም. ለኢትዮጵያ የቴሌኮሙኒኬሽን ሥራ 1.5 ሚሊዮን ዶላር አበደረ፤ በ1945 ዓ.ም. ደግሞ ንጉሠ ነገሥታዊው የቴሌኮሙኒኬሽን ቦርድ ተቋቋመ። ተራራማ ለሆነው አገራችን ከቀረቡት መንገዶች የሽቦ መሥመር ርቀቱ በጨመረ ቍጥር ምሰሶውና ጥበቃው ይበዛበታል። አጭር ሞገድ ከላይኛው አየር ተመልሶ ተራራን ይሻገራል፤ ሁለት ጣቢያም ይበቃዋል፤ ዳሩ ግን የሚሸከመው ንግግር ጥቂት ነው፤ ድምፁም ቀንና ሌሊት ሲፈራረቁ ይለዋወጣል። እጅግ አጭር የሆነው ማይክሮዌቭ ብዙ ንግግር ይሸከማል፤ ነገር ግን እንደ ብርሃን በቀጥታ ስለሚሄድ ተራራ ያግደዋል።

እንግዲህ ተራራው እንደ አያያዙ እንቅፋትም ረዳትም ይሆናል። ከሮቤ 14 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ ከምትገኘው ከጎባ በስተደቡብ የሳነቴ አምባ አለ፤ በዚያም 4,377 ሜትር ከፍታ ያለው ቱሉ ዲምቱ ይገኛል። በጫፉ ላይ የመገናኛ ምሰሶ ቆሟል። በሜዳ ላይ የተተከለ የ50 ሜትር ምሰሶ አድማሱ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ሲሆን፣ ከቆላው 3,000 ሜትር ከፍ ካለ ስፍራ ግን ፊቱ ገላጣ እስከ ሆነ ድረስ 195 ኪሎ ሜትር ያህል ይታያል። ሆኖም ይህ ከፍታ መንገድን፣ የኤሌክትሪክ ኀይልንና በብርድ ወጥቶ የሚጠግን ባለሙያን ይጠይቃል።

ርቀት እጥፍ ሲሆን የሚያስፈልገው ኀይል አራት እጥፍ ይሆናል። የአንዱን ጣቢያ ሳሕን ስፋት ከዳር እስከ ዳር እጥፍ ማድረግ ይህንኑ ይተካል። ትልቁ ሳሕን አንድ ጊዜ ይገዛል፤ ኀይሉ ግን ዘወትር ይከፈልበታል። ትልቁ ሳሕን ደግሞ ነፋስ ስለሚገፋው ጠንካራ ምሰሶ ይሻል።

በ1990ዎቹ ዓ.ም. መጨረሻ ገደማ ወረዳኔት የወረዳ ጽሕፈት ቤቶችን በሳተላይት ከኢንተርኔት መረብ ጋር ሲያገናኝ ተራራው አላገደውም። ነገር ግን ምልክቱ 36,000 ኪሎ ሜትር ያህል ወጥቶ ስለሚወርድ መልሱ ይዘገያል፤ የሳተላይቱም ኪራይ አያቋርጥም።

ከዚህም ሁሉ ሌላ በነጋዴው ወረቀት ላይ የማይጻፍ ዋጋ አለ። ሳነቴ የቀይ ቀበሮ መኖሪያ ነው፤ የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክም በ2016 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። በዚያ የሚቆመው ምሰሶና የሚጠረገው መንገድ ሁሉ ከዚህ ቅርስ ላይ ይቈርሳል።

ስለዚህ፣ አንባቢ ሆይ፣ በግዢ ወረቀት ላይ ከመፈረምህ በፊት «ዋጋው ስንት ነው?» ብለህ ብቻ አትለፍ፤ «በአሥረኛው ዓመት ኀይሉን ማን ይከፍላል? ተራራውንስ ማን ይወጣል?» ብለህ ጠይቅ። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታልና።